መኝታ ቤት የነበረ ወጥ ቤት፦ ዝቅ ያለ መስኮትና የግራናይት ባንኮኒ

ሥራው የመጣልኝ በፎቶግራፍ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር ልጅ ለእናቷ በስልክ የላከችው ፎቶ፦ ነጭ ካቢኔት፣ ነጭ ድንጋይ፣ ከሰፊ መስኮት ሥር የተቀመጠ የዕቃ ማጠቢያ፣ ከመስኮቱ ባሻገር የታጨደ ሣር። «እንዲህ አሠሪ ብላኛለች» አሉኝ እናትየው፣ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው። ቀጥለው ወጥ ቤት ይሆናል የተባለውን ክፍል ከፈቱልኝ። ክፍሉ ውስጥ ገና አልጋ ተዘርግቶ ነበር።

ቤቱ ከሳር ቤት ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ የድንጋይ ቤት ነው። እማማ (ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እንዲሁ እላቸዋለሁ) በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደተሠራ ይናገራሉ። በዚያ ዘመን እንደታነጹ ብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች ሁሉ ወጥ ቤቱ ከጓሮ ነው፤ ከሠራተኛ ክፍሎቹና ከማገዶ ማስቀመጫው ጎን። በእንጨት እሳት እንጀራ ሲጋገር የሚነሣውን ጭስ፣ በርበሬ ሲቆላ የሚያስነጥሰውን ሽታ ማን ከሳሎን ያስጠጋዋል? አሠራሩ ለዘመኑ ልክ ነበር። አሁን ግን እማማን ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ በክረምት ድስት ይዞ ግቢ ማቋረጥ አንድ ጊዜ አዳልጦ ጥሏቸዋል። ልጃቸው ይህን በስልክ በሰማች በሳምንቱ ወጥ ቤቱ ወደ ዋናው ቤት እንዲገባ ወሰነች፤ የተመረጠውም የእንግዳ መኝታ ቤቱ ነበር።

ምጣዱ ከጓሮ እንዲቀር እናትና ልጅ ተስማምተዋል። ስለዚህ አልተከራከርኩም። የእንጀራ ምጣድ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው ባንኮኒ ላይ ከወጣ ሌላ ዕቃ አያስጠጋም፤ እንፋሎቱም ከላይ ያለውን ካቢኔት በዓመቱ ያሳብጠዋል።

የቀረው ችግር መስኮቱ ነበር። መኝታ ቤት የሚሠራ ግንበኛ ስለ ባንኮኒ አያስብም፤ የሚያስበው አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ውጪውን እንዲያይ ነው። የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ 82 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የእንጨት ክፈፉ ታችኛ አግዳሚ 6 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ ስለዚህ የመስታወቱ ክንፎች የሚጀምሩት ከ88 ነው። ክንፎቹ ሁለት ናቸው፤ እንደ ድሮው አሠራር የውጪው የእንጨት መዝጊያ ወደ ውጪ፣ ባለ መስታወቱ ክንፍ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ችግሩን ያባባሰው ይህ ወደ ውስጥ መከፈቱ ነው። የተለመደውን 90 ሳንቲ ሜትር ባንኮኒ ግድግዳውን ይዤ ብዘረጋው ክንፎቹ ግራናይቱን ይመታሉ፤ መስኮቱም ለዘላለም ይዘጋል። የጋዝ ምድጃ በሚገባበት ክፍል ደግሞ የማይከፈት መስኮት መተው አልፈልግም።

አንድ መልካም ነገር ነበር፤ የግድግዳው ውፍረት። ድንጋዩ ከነልስኑ 42 ሳንቲ ሜትር ይሞላል፤ ክፈፉ የተተከለው ወደ ውጪ ተጠግቶ ስለሆነ ከመስኮቱ በውስጥ በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ቦታ ቀርቷል። ድሮ እዚያ ላይ ሬዲዮ ይቀመጥ እንደነበር እማማ ነገሩኝ። በዛሬው የብሎኬት ግድግዳ እንዲህ ያለ ቦታ አይገኝም።

መፍትሔዎቹን አንድ በአንድ ማንሣት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ቤተ ዘመድ ሁሉ የየራሱን ሐሳብ ይዞ መጥቷል። የእማማ ወንድም መስኮቱ ይነቀልና ከሥሩ ሁለት ረድፍ ብሎኬት ተጨምሮበት አጠር ያለ የአልሙኒየም መስኮት ይግባበት አሉ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ስህተትም አይደለም። ነገር ግን ከውጪ ሲታይ የቤቱ ፊት ላይ አራት አንድ ዓይነት መስኮቶች ተሰልፈዋል፤ አንዱ ብቻ አጥሮ አልሙኒየም ሲሆን ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስላል። እማማም በዚህ ሐሳብ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ መስኮቶቹን ያሠሩት ባለቤታቸው ናቸው። ሌላው ሐሳብ መላውን ባንኮኒ ወደ 84 ዝቅ ማድረግ ነበር። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ግን ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበረበት፣ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ሐሳብ ባንኮኒውን በ90 ዘርግቶ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ክፍተት መተው ነው። ያንን ክፍተት ያየ ሰው ምን እንደሚሞላው ያውቃል፤ ማንኪያ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ በመጨረሻም አይጥ።

የቀረው ባንኮኒውን በሁለት ደረጃ መሥራት ነበር። ግራና ቀኙ ከፍ ይላል፤ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው 1.30 ሜትር ብቻ ወደ መስኮቱ ደፍ ወርዶ፣ ግራናይቱ ሳይቆም ወደ ጎድጓዳው ይዘልቃል። ክንፎቹ ያለ ችግር ይከፈታሉ፤ ሥራ የሚሠራበት ገጽም 60 መሆኑ ቀርቶ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያገኛል። በወረቀት ላይ ሲሣል ያምራል። ይሁንና በወረቀት የሚያምር ነገር ሰው ሲቆምበት እንዴት እንደሚሆን ማየት ነበረብኝ።

እማማን ቤት ውስጥ በሚያደርጉት ነጠላ ጫማ ግድግዳ አስጠግቼ አቆምኳቸው፤ ክንዳቸውን እንዲያጥፉ ጠየቅኳቸውና ከወለል እስከ ክርናቸው ለካሁ። 98 ሳንቲ ሜትር። «ለቀሚስ ነው ወይስ ለወጥ ቤት የምትለካኝ ልጄ?» አሉኝ። እኔ ካቢኔት በምሠራባቸው ዓመታት ውስጥ ባለቤቶች ከፍታን የሚጠይቁኝ ከስንት አንዴ ነው፤ የሚጠይቁኝ ስለ ቀለምና ስለ እጀታ ነው። ቆሞ ለመክተፍ የሚመቸው ከክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ገጽ ነው። ሊጥ ማሸትን የመሰለ፣ ክብደትን አሳርፈው የሚሠሩት ሥራ ከዚያም ዝቅ ያለ ይፈልጋል። በዕቃ ማጠቢያ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እጅ የሚሠራው በገጹ ላይ ሳይሆን ከገጹ 18 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ወረድ ብሎ በገንዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ የዕቃ ማጠቢያ ያለበት ባንኮኒ ከሌላው ከፍ ቢል እንጂ ዝቅ ማለት የለበትም።

ሁለተኛውን ሐሳብ የጣልኩት በዚህ ምክንያት ነው። መላው ባንኮኒ 84 ቢሆን እማማ ዕቃ ሲያጥቡ እጃቸው 64 ላይ ይወርዳል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ወገቡንም ሊጨምርበት ነው።

ቃል ብቻውን አያሳምንም ብዬ በማግስቱ ጣውላና ብሎኬት ይዤ ሄድኩ። ጣውላውን በስንጥር እያስተካከልኩ አንዱን 88 ላይ፣ አንዱን 84 ላይ አጋደምኩ። እማማ ሰባት ሽንኩርት አመጡ። በከፍተኛው ላይ ሦስቱን ከተፉ፤ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ሲወጣ አየሁ፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉትም። በዝቅተኛው ላይ ሲጀምሩ ግን ራሳቸው «ይሄ ይሻላል» አሉና ቀሪዎቹን አራት እዚያው ጨረሱ። ቀጥሎ ባዶ ሳህን በ88 ሳንቲ ሜትሩ ጣውላ ሥር ባስቀመጥኩት ባልዲ ውስጥ እንዲያጥቡ አደረግኩ፤ ሲያጎነብሱ በ84 ሳንቲ ሜትሩ ካጎነበሱት ይልቅ በግልጽ ያንስ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ደረጃ መሆኑ አላከራከረንም።

ያከራከረን የዕቃ ማጠቢያው ቦታ ነው። ልጅየው ደወለች። «ወንድሜ፣ የዕቃ ማጠቢያው ከመስኮቱ ሥር ነው የሚሆነው፤ እናቴ ዕቃ ስታጥብ ግቢዋን እንድታይ ነው የፈለግኩት» አለችኝ። ሐሳቧ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ለዚህም ወዲያው እምቢ ማለት ከበደኝ። እሷ ባለችበት አገር የተለመደው የባንኮኒ ከፍታ 36 ኢንች ነው፤ በእኛ ልኬት ከ91 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ የወጥ ቤት መስኮትም ከመጀመሪያው ከዚያ በላይ ታስቦ ይተከላል። ፎቶው ላይ ያለው ውበት የመጣው ከዚህ አሠራር ነው። እዚህ ግን የዕቃ ማጠቢያው ከመስኮቱ ሥር ከገባ በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይሆናል፤ የቧንቧው አንገት ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን ክንፍ ይዘጋዋል። ይህን በስልክ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። በመጨረሻ እማማ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና፣ «ልጄ፣ እኔ ዕቃ ሳጥብ ዕቃውን ነው የማየው፤ ሽንኩርት ስልጥ ግን ሰዓቱ ረጅም ነው፤ ያን ጊዜ ግቢዬን አያለሁ» አሏት። ነገሩ በዚህ አለቀ። የዕቃ ማጠቢያው በስተግራ፣ ከፍ ባለው በ88 ሳንቲ ሜትሩ ባንኮኒ ላይ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ በቀረበበት በኩል ገባ።

ነጩ ድንጋይም እንዲሁ በእማማ ተወሰነ። ልጅየው እብነ በረድ ነበር የፈለገችው፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚወጣው የዳለቲ እብነ በረድ የሚያምር መሆኑን እኔም አልክድም፤ ለደረጃና ለወለል ቢሆን እመርጠዋለሁ። ግን እማማ ዶሮ የሚያጥቡት በሎሚና በጨው ነው። እብነ በረድ በመሠረቱ የኖራ ድንጋይ ዘር ስለሆነ የሎሚ ጭማቂ ያረፈበት ቦታ ወዝ አጥቶ ይቀራል፤ ማጥፊያው እንደገና ማለስለስ ብቻ ነው። እርዱና በርበሬው ሲጨመርበት ከሁለት ፋሲካ በኋላ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅትም። ጠቆር ያለ ግራናይት ተመረጠ፤ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

82 ሳንቲ ሜትር ብዬ የለካሁት ከአሮጌው የጣውላ ወለል ላይ ነው። ጣውላው እንደሚነሣና ሴራሚክ እንደሚነጠፍ አውቅ ነበር፤ ወለሉ በነበረበት ከፍታ ይመለሳል ብዬ ደመደምኩ እንጂ ሴራሚክ አንጣፊውን አልጠየቅኩትም። እሱ ደግሞ በሩ ላይ የነበረችውን ትንሽ እርከን አይቶ፣ አሮጊት ሴት እንዳይደናቀፉ ብሎ ወለሉን ከኮሪደሩ ጋር አስተካከለው። ደግ ሥራ ነው፤ ለእኔ ግን 4 ሳንቲ ሜትር ወሰደብኝ። የመስኮቱ ደፍ ከአዲሱ ወለል 78 ላይ ሆኖ አገኘሁት። ካቢኔቶቹን በቀድሞው ልክ ሠርቼ ጨርሻለሁ።

ከፍ ባሉት ካቢኔቶች ላይ ምንም አልተነካም፤ እነሱ የሚለኩት ከአዲሱ ወለል ወደ ላይ ነውና 88 እንዳሉ ቀሩ። ችግሩ ዝቅተኛው ላይ ነበር። ግራናይቱ ከነማጣበቂያው በደፉ ላይ ሲያርፍ 80 ላይ ይውላል፤ በሙከራችን የተስማማነው ግን 84 ነው። ግራናይቱን ከሥሩ ሞልቼ 4 ሳንቲ ሜትር ላንሣው ብል፣ የክንፎቹ ታችኛ ጫፍም ከወለሉ ጋር አብሮ ወደ 84 ወርዷል፤ ድንጋዩና እንጨቱ ሊነካኩ ነው። አጥብቤ አሰላሁት፤ መውጫ አልነበረውም። የካቢኔቱን የእግር ቁመት ከ10 ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ቆረጥኩ፤ እግሩን ከፊት የሚሸፍነውን ዞኮሎም እንዲሁ። ከዚያ ለእማማ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸውና ጣውላውን በ80 ላይ አድርጌ እንደገና ሽንኩርት አስከተፍኳቸው። ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ቁጭ ብዬ ብከትፍስ?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ዕቅዱን አሻሻለው። በ80 ሳንቲ ሜትር ላይ ግራናይቱና ከሥሩ ያለው የብረት ማዕዘን ተቀንሶ 75 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ጉልበት ይገባበታል። ከ1.30 ሜትሩ 60 ሳንቲ ሜትሩን ባለ መሳቢያ ካቢኔት አድርጌ ተውኩትና 70 ሳንቲ ሜትሩን ከሥሩ ባዶ አደረግኩት። ከፊትና ከኋላ ብረት ማዕዘን አስሬ በአንድ በኩል በመሳቢያው፣ በሌላው በኩል ከፍ ባለው ካቢኔት ጎን ላይ አሳረፍኩት። ከፍ ያለ በርጩማም አብሬ ሠራሁላቸው፤ ይህንን ዋጋ አላስከፈልኩም፤ ለ4 ሳንቲ ሜትሩ ካሣ ነው።

ግራናይቱ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ለቆራጩ የሰጠሁት ስፋትና ርዝመት በቁጥር ነው፤ የዝቅተኛው ገጽ ቅርጽ ከፊት 1.30 ሜትር ሆኖ ከኋላ በኩል ወደ ጎድጓዳው የሚገባ 1.18 ሜትር ምላስ ያለው አንድ ወጥ ድንጋይ ነበር። አንድ ወጥ የፈለግኩት መጋጠሚያ እንዳይታይ ነው። ድንጋዩ ከአንድ ካሬ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከ60 ኪሎ በላይ ነው። አራት ሰዎች እንደ ትሪ አጋድመው ይዘውት ሲገቡ እኔ በሩን ደግፌ ቆሜ ነበር። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ በጥርስ የተሰበረ ሽምብራ ያህል ነው። ምላሱ ከገላው ተለየ።

ወለል ላይ አስቀምጠን አየነው። ስንጥቁ የተነሣው ምላሱ ከገላው ከሚገናኝበት፣ ወደ ውስጥ ከገባው ማዕዘን ነው። እዚያ ማዕዘን ላይ የመቁረጫው ዲስክ መስመሩን አልፎ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ገብቷል፤ ክብ ዲስክ ማዕዘኑን ከላይም ከታችም እኩል ለመጨረስ ሲሞክር ከላይ በኩል ማለፉ አይቀርም። ጭረቷ እንደ ፀጉር ቀጥናለች፤ በአቧራው ምክንያት ማንም አላያትም። ግራናይት ለሚጫነው ነገር ጠንካራ ነው፤ ለሚያጎብጠው ነገር ግን ደካማ ነው፤ ስለታም ማዕዘን ካገኘ ደግሞ ኃይሉ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ትክክለኛው አሠራር መጀመሪያ ማዕዘኑ ላይ ክብ ቀዳዳ በስቶ፣ ሁለቱን ቁርጦች እስከ ቀዳዳው ብቻ ማምጣት ነው። ድንጋዩን ደግሞ እንደ ትሪ ሳይሆን እንደ መስታወት በጠርዙ አቁሞ መሸከም ነው፤ ያኔ የራሱ ክብደት አያጎብጠውም። ቆራጩ የመጀመሪያውን አላደረገም፤ ሁለተኛውን ሳላስደርግ የቀረሁት እኔ ነኝ። ኪሣራውን እኩል ተካፈልን። እሱ ጥቂት አጉረመረመ፤ እኔም።

ድንጋዩ ሳይሰበር ደህና ቢገባ እንኳ ቦታው ላይ አይቀመጥም ነበር። ይህን ያወቅኩት በሁለተኛው ዙር ካርቶን ቆርጬ ጎድጓዳውን ስለካ ነው። የመስኮቱ ጎኖች ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ወደ ውስጥ ሰፋ፣ ወደ ክፈፉ ጠበብ ይላሉ፤ ብርሃን እንዲገባ ድሮ እንዲህ ይሠሩታል። ክፍሉን በሚነካው በኩል 118.5፣ መካከል ላይ 116፣ ክፈፉ ጋ 114 ነው። እኔ የለካሁት የፊቱን ብቻ ነበር። ግድግዳውም በ3.20 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ሆድ አውጥቷል፤ ስኳድራ ስይዝበት በአንዱ ጫፍ ጣቴ ይገባል። እንዲህ ባለ ቤት ቁጥር ለአጠቃላይ ዋጋ ያገለግል ይሆናል እንጂ ለመቁረጥ አይሆንም። በቀጭን ኮምፔልሳቶ የሦስቱንም ገጾች ቅርጽ ከግድግዳው ላይ ቀርጬ አወጣሁ፤ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሆነ በቀይ ቀለም ጻፍኩበት። ይህ ቀይ ጽሑፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሳይጻፍ ቀርቶ ተገልብጦ የተቆረጠ ድንጋይ ያየ ሰው ግን አይረሳውም።

ሁለተኛው ድንጋይ አንድ ወጥ አልሆነም። ባንኮኒውና ምላሱ ተለያይተው ተቆረጡ፤ መጋጠሚያው በትክክል በግድግዳው መስመር ላይ ዋለ። ያ ስለታም ማዕዘን ጨርሶ ጠፋ። መጋጠሚያው በድንጋዩ ቀለም በተቀባ ኤፖክሲ ተሞላ፤ ዛሬ ላሳየው ስፈልግ በጥፍሬ ነው የማገኘው። መጀመሪያም እንዲህ ማድረግ ነበረብኝ፤ ለዓይን ብዬ ነው ያልሆነውን የፈለግኩት።

ምላሱን ከማስቀመጣችን በፊት የክፈፉን ታችኛ አግዳሚ መረመርኩ። ቀለሙ ደህና ነበር፤ ካቻቢቴ ስሰካበት ግን ያለ ድምፅ ገባ። በስተግራ ማዕዘን 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት በስብሷል። ከውጪ ሄጄ ሳይ የውጪው ደፍ በጊዜ ብዛት ወደ ውስጥ ዘምሟል፤ የዘነበው ውሃ ሁሉ ወደ እንጨቱ ይሄዳል። ይህንን ሳላይ ግራናይቱን አስጠግቼ በሲሊኮን ብዘጋው ኖሮ ውሃው መውጫ አጥቶ በካቢኔቱ ጀርባ ይወርድ ነበር፤ ካቢኔቱ የተሠራበት ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ደግሞ ውሃ ሲጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል። የበሰበሰው እንጨት ተቆርጦ በደረቅ ዋንዛ ተተካ። የውጪው ደፍ ወደ ውጪ ዘመም ብሎ በሲሚንቶ ተስተካከለ፤ ከሥሩም ውሃው ወደ ግድግዳው ተመልሶ እንዳይሳብ የሚያንጠባጥብ ቦይ ወጣለት። ምላሱን ሳስቀምጥ ደግሞ በውሃ ልክ ፍጹም አግድም አላደረግኩትም፤ ወደ ክፍሉ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ አደረግኩት። ማንም አያስተውለውም፤ በመስታወቱ ላይ የሚያልበው ውሃ ግን እንጨቱ ሥር አይተኛም። በግራናይቱና በክፈፉ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ትቼ በሲሊኮን ሞላሁት፤ እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ ድንጋይ ግን ቦታ አይለቅለትም።

በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው 8 ሳንቲ ሜትር በግራናይት ቁራጭ ተሸፈነ። የላይኛው ገጽ ጠርዝ እዚያ ላይ በክብ ተሞረደ፤ ዝቅ ባለው ቦታ የሚሠራ ሰው ክርኑን የሚመታው ያ ጠርዝ ነውና።

ሥራው ከፋሲካ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አለቀ። በቅዳሜው ሄጄ ነበር፤ የቀረኝን ሒሳብ ለመቀበል ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለማየት። እማማ በበርጩማው ላይ ተቀምጠው፣ ሁለቱም የመስኮት ክንፎች ወለል ብለው ተከፍተው፣ የተላጠ ሽንኩርት እስከ ምላሱ ጫፍ ተከምሮ አገኘኋቸው። ያ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ለምን እንደሚጠቅም የገባኝ ያኔ ነው፤ ያልተከተፈው ወደ መስኮቱ ይገፋል፣ ከታፊዋ ፊት ያለው ቦታ ነጻ ይሆናል፣ የሽንኩርቱም ሽታ ዓይን ሳይደርስ በመስኮቱ ይወጣል። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ቦታ ተበልታ በስተግራ፣ ከፍ ባለው በኩል፣ በሎሚ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፋለች። ሎሚው ግራናይቱ ላይ ፈስሷል፤ ማንም ለመጥረግ አልቸኮለም።

በሐምሌ ስልክ ተደወለልኝ። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ በዘነበ ሌሊት በምላሱ ግራ ማዕዘን ውሃ ገብቷል። እንጨቱ እንደገና የበሰበሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሄጄ ሳይ ግን ጥፋቱ ሌላ ነው፤ የውጪው መዝጊያ ማጠፊያ በግድግዳው ላይ የተተከለበት ቦታ ከጥንት ጀምሮ ልስኑ ተሰንጥቋል፤ ውሃው በዚያ ገብቶ ከክፈፉ ጎን ይወርዳል። እኔ የታችውን ሳስተካክል ጎኑን አላየሁም ነበር። ስንጥቁ ተከፍቶ ተሞላ፤ በነሐሴ የመጣው ዝናብ አልገባም።

ልጅየው ለገና መጣች። ከእናቷ በአንድ ራስ ትረዝማለች። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆማ «ይሄ ልክ ነው» አለችኝ፤ ስለ ፎቶው አላነሣችም። በዝቅተኛው ቦታ ቆማ ቲማቲም ስትከትፍ ግን አሥር ደቂቃ አልሞላትም፣ ወገቧን ይዛ ወደ ቀኙ ባንኮኒ ተዛወረች። ያ ቦታ ለእሷ አልተሠራም።

ጥፋት ካልነው አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልተፈታም። እማማ በምላሱ ላይ ሦስት የጤና አዳምና የበሶብላ ማሰሮ ደርድረዋል፤ ፀሐዩ ይስማማቸዋል። በክንፎቹና በግራናይቱ መካከል የቀረው 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማሰሮ አያሳልፍም። መስኮቱን ለመክፈት መጀመሪያ ሦስቱን ማሰሮዎች አንሥቶ ከፍ ወዳለው ባንኮኒ ማዛወር ያስፈልጋል፤ እሳቸውም በየጠዋቱ ይህንኑ ያደርጋሉ።